ቁልፍ

ሰኔ ነው፤ ከጦሳ ራስ ጉም ቁልቁል እየወረደ
ደሴን ውጧት አመሸ፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ሄደ።
በሻማ ነው የማርመው፣ አምሳ ሰባት ወረቀት፤
አራተኛው ጥያቄ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ስሕተት፣
አንዱ ከጎኑ የቀዳው፣ ከኋላ ያለው የቀማው፣
«ብርድ ነው» ብሎ የጻፈ፣ ማን እንደበረደው ያልሰማው።

«ናፖሊዮን ሞስኮ ዘምቶ ስለ ምን ተሸነፈ? አብራራ።»
አምስት ማርክ።
የመልሱ ቁልፍ እፊቴ ነው፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት፣
አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ዳዊት የደገምኩት፦
ክረምቱ፤ የስንቁ መንገድ፤ ነድዶ የቆየው ጎተራ።
ስድስት መቶ ሺህ ሰው ሄዶ፣ በሦስት መስመር ሲብራራ።

የረውዳ ኑርዬ ወረቀት፣ ጥጉ በካፊያ የራሰ፣
ከሁሉ በታች ተገኘ፤ ፊደሉ ወደ ግራ ያነሰ፦

«መምህር፣ የዘማቾቹ ካፖርት ቁልፉ የቆርቆሮ ነበር ብለዋል፤
ብርዱ ሲጠና ዱቄት ሆኖ ረገፈ ይባላል።
‹ይባላል› ያሉት እርስዎ ነዎት።
አባቴን ጠየቅሁት። ወታደር ነበር፤ ብዙ አያወራም።
‹ቁልፉስ ኋላ ነው› አለኝ፣ ‹ቀድሞ የሚረግፈው ስም ነው።
ኮረም ዳገት ላይ ሳለን ያጠገቤን ልጅ ልጠራው
አፌን ከፍቼ ቀረሁ።
ሦስት ዓመት በአንድ ምሽግ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋፈን፤
ማን ነበር? እስከ ዛሬም አልመጣልኝ።›
የመትረየስ ጫኟን በቅሎ፣ አዱኛ የሚሏትን፣
በሳንጃ አርደው በሉ።
ሐራም ነው ያለ የለም፤ ጾም ነው ያለም የለ።
ቆቦ ሲገባ ክላሹን በሦስት ዳቦ ለወጠ፣
ሴትዮዋም ቁልቋል ውስጥ ወረወረችው።
ስለ ሩሲያ የማውቀው ይህን ነው።
ግን አንድ ያልገባኝ አለ፤
ንጉሡ በበረዶ ጋሪ፣ ሌሊት፣ ቀድሞ አገሩ ገባ።
ታዲያ ማነው የተሸነፈው?»

ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ እንደ ተደገነ ቀረ፤
ከመልሱ ቁልፍ አስጠጋሁት፣ አልገጥም አለ፣ ተቸገረ።
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው የኔም።
ሌሊቱን ሙሉ ሲረግፍበት አደረ።

በነጋው ሙጋድ ወረድሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር፣
ጋሽ ኑርዬ ሲንጀር ረግጠው ዩኒፎርም ሲሰፉ በክር።
ጫማቸው የጎማ ነው፤ ማሰሪያው ግን በሦስት ቋጠሮ የታሰረ፣
ሰው ሌሊት ተቀስቅሶ ተነሥ የሚለው ይመስል ነበረ።
ካፖርቴን ሰጠኋቸው።
(ለሰበብ፣ ጠዋት ነው አንድ ቁልፉን የበጠስኩ።)
ክሩን በጣታቸው ዳበሱና፦
«ይሄ አልረገፈም፣ ተበጠሰ እንጂ» አሉኝ።
አፈርኩ።

የብስኩት ጣሳ ከፈቱ፤ የሸሚዝ፣ የቀሚስ፣ የሕፃን ልጅ፣
በመካከሉም አንድ የነሐስ፣ ኮከብ የታተመበት።
እሱን አነሡና ወደ ብርሃኑ አዙረው ቆዩ፤
መልሰው ወደ ጣሳው ጣሉት፣ ቀጭ አለ፣
ቡናማውን መረጡልኝ።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት» አልኋቸው። መርፌው ጥርሳቸው መካከል ነው።
«የዚያ የፈረንሳዩ ንጉሥ ነገር ነው?
ደሴት ላይ ታስሮ ሳለ፣ ውጊያውን ሁሉ ቁጭ ብሎ
ያስጽፍ ነበር አለችኝ፤ ቀኙን ከግራው አስተካክሎ።
እኔን የከነከነኝ ጻፊው ነው፤ ያ ብዕር የያዘ ሰው።
አንድ ቀን ‹ጌታዬ፣ እነዚያስ ስማቸው?› አላለም?»
ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡት።

መቶ ብር አወጣሁ።
ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ጣሳውን አገላበጡ፤
ወደ ሐይቅ የሚወጣውን መንገድ ቀና ብለው አዩት፣
ከዚያ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል።
«መልስ የለኝም፣ መምህር» አሉ።

አምስት ጥቁር፣ አንድ ቡናማ፤ ካፊያውን ከፍ ዝቅ ብዬ
ቤቴ ደረስኩ። ወረቀቷ እንዳለ ነው፣ ጥጉ ደርቋል።
የመልሱ ቁልፍ ግን አይነበብም፤
የሌሊቱ ሻማ
ሰሙን አፍስሶበታል።